የዝናብ ሳጥኑና የአባትህ መቃብር

ኪቲራ ደሴት፣ ቭሪሲ መንደር
ኖቬምበር 11 ቀን 1847

ሚናስ ልጄ፣ የዓይኔ ብርሃን፣

ዛሬ የስምህ ቅዱስ ዕለት ስለሆነ በማለዳ ተነስቼ ሻማ አበራሁልህ። ያበራሁት ግን ከቤተክርስቲያኑ ደጅ ቆሜ ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባሁ ወር አልፎኛል። ለምን እንደሆነ ወደ ታች ስታነብ ትደርስበታለህ። አንተስ እንዴት ነህ? ያ ደረቅ ሳልህ ተወህ ወይ? በርሜል ቤቱ ስትውል ደረትህን ሸፍን፤ አጎትህ ብርድ አይሰማውም ብለህ እሱን አትከተል። የእጮኛህ እጅ ሥራ ነው ያልከው መሃረብ ደርሶኛል። ስፌቷ መልካም ነው፣ ጠርዙ ላይ ትቸኩላለች እንጂ። ከጥምቀት በኋላ እንደምትጋቡ ሳነብ ብቻዬን ዘፈንኩ። እህትህ ዲያማንዶ አበድሽ ወይ አለችኝ።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ሁለት ቦታ በቢላ ተቀዶ፣ ዲን ዲን እየሸተተ ነው። ከእናንተ አገር የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ወደብ ላይ እየቀደዱ በዲን ጭስ ያጥኑታል፤ ወረርሽኝ እንዳይገባ ነው ይላሉ። ሲያጥኑት ያንብቡት አያንብቡት እኔ አላውቅም። ከዚህ የሚሄደውስ ማን እጅ ይገባ እንደሁ ማን ያውቃል? ካፒቴን ስታቲስ ታማኝ ሰው ነው፣ ግን መርከብ መርከብ ነው። ስለዚህ ማንም ቢያነበው እንዳይጎዳን አድርጌ ነው የምጽፈው። አንተ የእኔ ልጅ ነህ፤ እኔን እንዴት እንደምታነበኝ ታውቃለህ።

እንግዲህ ልናገረው። ከድልድዩ መኮንን ቤት የዝናብ ሳጥኑን የሰረቅሁት እኔ ነኝ። እኔ እናትህ።

አትደንግጥ። በሚመጣው ወር በቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት ይህንኑ በመንደሩ ሰው ሁሉ ፊት ስለምናገረው፣ መጀመሪያ አንተ ላይ ልለማመደው። የምታውቀውንም ብደግምብህ ታገሠኝ።

ያ እንግሊዝ ድልድይ ሊያሠራን የመጣበት ዓመት ሁለተኛው የድርቅ ዓመት ነበር። ከአናግኖስቲስ ቤት ፎቅ ላይ ገብቶ ሰገነቱ ላይ ያን ሳጥኑን ሰቀለ፤ ረጅም እንጨት፣ ፊቱ መስተዋት፣ ሆዱ ውስጥ ባዜቃ የሚሉት ፈሳሽ ብር። ጠዋት ጠዋት በጣቱ ኳ ኳ ያደርግና አተኩሮ ያየዋል። ከዚያ አስተርጓሚው አንገቱን ወደ ታች አስግጎ "ዛሬ ዝናብ የለም፣ ሁላችሁም ወደ ድንጋዩ" ይለናል። የዘነበ ቀን የግዳጅ ሥራ አልነበረም። እንግዲህ ያገሬ ሰው ምን ይበል? ሰውየው ያንኳኳል፣ ዝናቡ ይቀራል፣ እኛ ድንጋይ እንሸከማለን። ድልድዩ እስኪያልቅ ዝናቡን ሳጥኑ ውስጥ ቆልፎብናል ተባለ። ያሉት ሞኞች ብቻ እንዳይመስልህ፤ የትምህርት ቤቱ መምህርም ብሏል። እኔም ብያለሁ።

በወይን ለቀማው ሰሞን አንድ ሰው ራት ላይ "በዚህ አገር አንድ ወንድ ጠፋ?" አለ። ማን እንዳለው ረስቼዋለሁ፤ ሰው ሲያረጅ ብዙ ይረሳል። አባትህ "አፍህን ዝጋና ብላ" ሲለው ግን ትዝ ይለኛል።

በሦስተኛው ቀን ሳጥኑ ጠፋ። በወይኑ ግንድ ተንጠላጥዬ ሰገነቱ ላይ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሳወርደው ቀዩን መታጠቂያ ሚስማር ያዘው፣ ቀደድኩትና ጫፉ እዚያው ቀረ። መታጠቂያው ያንተ ነበር፤ ብርድ ብርድ ብሎኝ ታጥቄው ነው። አንተ በማግስቱ ወደ ሰምርኔስ የምትሄድ ጀልባ አግኝተህ ተሳፈርክ፤ አጎትህ በርሜል የሚሠራለት ሰው ቸግሮታል ብለህ። መንገድህን እንኳ በወጉ አልመረቅሁልህም።

በአራተኛው ቀን ዘነበ። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ደጅ ወጥቶ አፉን ከፍቶ ቆመ። እመት ማሩልያ በደጄ ስታልፍ ጸጉሯ ውሃ እያንጠባጠበ "የወሰደው እጅ ይባረክ! እናቱም ማንም ትሁን ማን ትባረክ!" ስትል በጆሮዬ ሰማኋት። ሴትየዋ ስትመርቀኝ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማሁት።

ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ያው አፍ ረገመ። መኮንኑ ለዋናው ሹም ከሰሰ፣ ሹሙ ወደ ጳጳሱ ላከ። በቅሎ ወይም የንብ ቀፎ ሲጠፋ ወትሮ እንደሚደረገው ውግዘት ታዘዘ። እንግሊዙ በእኛ እምነት አያምን፤ በእኛ ፍርሃት ግን ያምናል። የመታጠቂያው ቁራጭ በቤተክርስቲያኑ በር ተሰቀለ። በቭሪሲ የእኔን ሽመና የማትለይ ሴት የለችም። ሁሉም ቀርበው አዩት፣ ሁሉም "አላውቀውም" እያሉ አለፉ። እኔን ለቀማው ሳይጀመር ከበለሷ ዛፍ ወድቄ የተሰበረው ዳሌዬ ገና አልዳነም ነበርና ሁለት ሰዎች በወንበር ተሸክመው አስገቡኝ።

ሰባት ቄሶች ነበሩ። ጥቁር ሻማቸውን ዘቅዝቀው ሆምጣጤ ውስጥ አጠፉት። "ድንጋይ ይፍረስ፣ ብረት ይፍረስ፣ የእሱ ሥጋ በመቃብር አይፍረስ፤ የሰረቀውም፣ እያወቀ የደበቀውም" አሉ። ሕዝቡ "ውጉዝ ይሁን" ብሎ ይመልሳል። አባትህ ከወንበሬ አጠገብ ቆሞ ነበር። ከሰው ሁሉ ድምፅ የእሱ በልጦ ተሰማኝ። ኮስማስ እንኳን በውግዘት በመዝሙርም ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። ራሱን በገዛ አፉ እያሰረ መሆኑን ያኔ አላወቅሁም። እኔን ሸፍኖ መሆኑን ማለቴ ነው። እንዲያ ብለህ አንብበው።

ከዚያ ወዲያ ቅዱስ ቁርባን አልቀመሰም። ለገና ሆዴን አመመኝ አለ፣ ለጥምቀት ጉንፋን ነው አለ። ምን ሆነሃል ስለው "ሆድ ይፍጀው" ነው መልሱ። እውነትም ፈጀው። በዐቢይ ጾም ወደቀ። ሊሞት ሲል እጄን ይዞ የተናገረው ሁለት ነገር ነው፤ "የውሃ ጉድጓዱን እንዳታስጠርጊ። ሚናስንም ና እንዳትዪው" አለኝ። ሌላ አልጨመረም።

አራት ዓመት ሙሉ በአንድም ደብዳቤ ና ያላልኩህ ለዚህ ነው። እናቴን አልናፈቅኳትም ብለህ አስበህ ይሆናል። ልጄ፣ የምሽቱ ነፋስ በሩን በመታ ቁጥር አንተ የመጣህ እየመሰለኝ ተነስቻለሁ። አሁንም እነሳለሁ።

ባለፈው ወር ሦስት ዓመቱ አልፎ እንደ አገራችን ልማድ የአባትህን አጥንት ከመቃብር አውጥተን የምናኖርበት ጊዜ ደረሰ። ዲያማንዶና እኔ አጥንቱን የምናጥብበት ወይን፣ ነጭ ሻሽና የአጥንት ማኖሪያ ሣጥን ይዘን ሄድን። ጎረቤቱም እንደ ወጉ መጣ። ቆፋሪው ሲቆፍር ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ፣ ከዚያ ሳይናገር ዶማውን ጥሎ ከጉድጓዱ ወጣ። እኔ ጎንበስ ብዬ አየሁ። አባትህ እንዳስተኛነው ተኝቷል። ፂሙ አለ፣ የቀኝ እጁ ጣቶች አሉ፣ አውራ ጣቱ ላይ ያ የመጋዙ ጠባሳ እንኳ አለ። ቆዳው ጠቁሮ ደርቋል እንጂ ሙሉ ሰው ነው። የወይኑ ማሰሮ ከእጄ ወድቆ ተሰበረ።

ሥጋው ያልፈረሰ ወይ ቅዱስ ነው ወይ ውጉዝ ነው። ኮስማስ ቅዱስ ነው ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ዲያማንዶ ያ ጥግ ደረቅ ነጭ ሸክላ ነው፣ እዚያ የጎመን ቅጠል ብትቀብሪም አይበሰብስም ብላ ጮኸች። ማን ይስማት! ማሩልያ ከሰው ፊት ወጥታ "ለካ ሌባው ኮስማስ ኖሯል። ያ ቁራጭ የስታማታ ሽመና መሆኑን እኮ ያኔም አውቄዋለሁ" አለች።

እኔም ከአባትህ መቃብር አፋፍ ቆሜ "ካወቅሽ ለምን ዝም አልሽ? እያወቀ የደበቀውም ተብሏል። አንቺስ ስትቀበሪ የምትፈርሺ ይመስልሻል?" አልኳት። ፊቷ አመድ መሰለ። ከዚያን ቀን ወዲህ ከሁሉም ይልቅ የምትፈራው እሷ ናት፤ ፈሪ ደግሞ ክፉ ይሆናል።

መልሰን ቀበርነው፤ እኔም ያን ቀን ከቤተክርስቲያኑ ደጅ ቀረሁ። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል፤ ከዚያ ወዲህ የማን ፍየል ቢሞት ኮስማስ ነው፣ የማን ሕፃን ቢያለቅስ ኮስማስ ነው። ከመሸ በኋላ በራችን ተንኳኳ የሚሉ ሦስት ቤቶች አሉ። የዲያማንዶ እጮኛ ቀለበቱን በእናቱ እጅ መለሰላት። አላለቀሰችም፤ ከማልቀስ የከፋ ነገር አደረገች፣ የሰፋቻቸውን አንሶላዎች ቁጭ ብላ አንድ በአንድ ተረተረቻቸው። ሽማግሌዎቹም ተሰብስበው ቆረጡ። ሌባው እስከ ቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት ካልታወቀና ፍትሐት ካልተነበበ፣ አባትህን አውጥተው በጀልባ ወደ ማዶው ራቁት ድንጋይ ይወስዱታል። ታውቀዋለህ ያንን ድንጋይ፤ ልጅ ሆናችሁ ስትዋኙ ማንም እንዳይደርስበት የምንከለክላችሁን። እዚያ ላይ መስቀል አይተከልም፣ ስም አይጠራም፣ አፈሩም የለም። ውጉዝ ሙት የጨው ውሃ አይሻገርም ብለው ነው። የሃምሳ ዓመት ጎረቤታቸውን፣ በሠርጋቸው ወይን የቀዳላቸውን ሰው።

እኔ ይህን አላይም። በሕይወት እያለሁ አላይም።

ስለዚህ ሳጥኑን ፍለጋ ተነሳሁ። ያስቀመጥኩበትን ቦታ ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። የዝናብ ውሃ ጉድጓዳችን ውስጥ ባልዲ የምናወጣበትን ሜንጦ እየጣልኩ እየጎተትኩ ቆይቼ፣ በሁለተኛው ቀን እንጨቱ ወጣ። መስተዋቱ ተሰብሯል፣ ባዜቃው የለም። ዝናቡን ያሰረው ሳጥን ይኸው አራት ዓመት በዝናብ ውሃ ውስጥ ሰጥሞ፣ እኛም ከላዩ እየቀዳን ስንጠጣ ኖርን። በዙሪያው ጥርብ ድንጋይ በገመድ ታስሮበታል። ቋጠሮው የበርሜል ሠሪ ቋጠሮ ነው፣ አጎትህ ከዚህ ሳይሄድ ያስተምረው የነበረው ዓይነት። እሱን በመቀስ ቆርጬ እሳት ውስጥ ጣልኩት።

ሳጥኑን በጨርቅ ጠቅልዬ ወደ ቄስ አንቲሞስ ሄድኩ። የመኮንኑን ሳጥን የሰረቅሁት እኔ ነኝ አልኳቸው። ቁጭ በይ አሉኝ። በወይኑ ግንድ መውጣቴን፣ መታጠቂያውን፣ ብርዱን ሁሉ ላንተ እንደጻፍኩት ነገርኳቸው።

"በወይን ለቀማ ሙቀት በረደሽ?" አሉኝ።

አዎ አልኳቸው።

"አንቺ የቄስ ልጅ፣ በውግዘቱ ዕለት በወንበር ተሸክመን ያስገባንሽ እኔና ወንድሜ ነን።"

ሳጥኑን ገልጠው እንጨቱን በመዳፋቸው ሲያሹት ቆዩና እንዲህ አሉኝ፤ "ስታማታ፣ በውግዘት ዘመድ ለዘመድ አይተካም። አንቺ እኔ ነኝ ስትዪ የመንደሩ ሰው ልቡ ያርፋል፤ እኔም ጽፌ ለጳጳሱ እልካለሁ፣ ፍትሐቱም ይነበባል። ወደ ማዶ አይወስዱትም። መሬቱ እንዲቀበለው ግን ያንቺ ቃል አይበቃም። መሬቱ የሚጠብቀው የሌላ ሰው አፍ ነው።"

"ያ ሰው ሩቅ ቢሆንስ አባቴ?"

"ምድር አንዲት ናት" አሉኝ። ከዚያ በኋላ ስለ አባቴ፣ ስለ ድሮው ጊዜ አወሩልኝ፣ ለውዝም ሰጡኝ።

ስለ እኔ አትጨነቅ። ያ መኮንን አገሩ ገብቷል፣ ድልድዩም አልቆ ፍየል እንኳ አይሄድበትም። አዲሱ ሹም ለአሮጊት ከጥቂት ወር በላይ አይፈርድም ይላሉ። የምሽጉ እስር ቤት ቅዝቃዜው ነው እንጂ መፍተያዬን አይከለክሉኝም። ከዚያ በፊት ግን ሦስት እሑድ በቤተክርስቲያን ደጅ ገመድ በአንገቴ አስሬ እቆማለሁ። ማሩልያ መጥታ እንደምታየኝ አውቃለሁ። ትይ። የአማችህ ቤተሰብ ከሰማ ግን አንተ አታፍርብኝ፤ እናቴ በድርቁ ዓመት አእምሮዋ ተነክቶ ነበር በላቸው፣ ሰውን በእናቱ ጥፋት አይቀጡትም። ሠርግህ በእኔ ምክንያት እንዳይሰናከል።

ካፒቴኑ ማር፣ ደረቅ ዳቦና አዲስ ቀይ መታጠቂያ ይሰጥሃል። በዚያው ጥለት ነው የሸመንኩት። ያንን የድሮውን እኔ ታጥቄው ነበር ካልኩ፣ አንተ ሌላ ያስፈልግሃላ።

አሁን የምለምንህን ስማ፤ ሌላ አልለምንህም። ና አልልህም፤ አባትህ ከልክሎኛል። ለሹም ጻፍ፣ ለጳጳስ ጻፍ አልልህም። በቅዱስ ኒቆላዎስ ዕለት ጠዋት፣ ወንጌሉ ተነቦ ሲያበቃ፣ እኔ ከደጁ ገብቼ በሕዝቡ መካከል "እኔ ነኝ" እላለሁ። በዚያው ዕለት በዚያው ሰዓት አንተም በሰምርኔስ አንዱ ቤተክርስቲያን ግባ። እጮኛህን አታስከትል። ቄስ ባይኖር ከሥዕሉ ፊት ቁም፣ ሰው ቢበዛብህ ወደ ግድግዳው ዞረህ ቁም። በልብህ ሳይሆን በአፍህ፣ ድምፅ አውጥተህ፣ ያችኑ ቃል ተናገራት። አንዲት ቃል ናት። እኔ እዚህ እላታለሁ፣ አንተ እዚያ ትላታለህ፤ ከሁለታችን እውነቱን የሚናገረው ግን አንዱ ብቻ ነው።

ማለትህንም አለማለትህንም በደብዳቤ አትጻፍልኝ። በዓመቱ መቃብሩን ደግመን እንከፍታለን፤ ጳጳሱ እንደሚፈቅዱ ቄሱ ነግረውኛል። ያን ጊዜ ወይን ይዤ እሄዳለሁ። አጥንቱ ነጭ ሆኖ ከወጣልኝ ልጄ ተናግሯል ብዬ አጥበዋለሁ፣ ለአንተም ና ብዬ እጽፍልሃለሁ። እንደ አሁኑ ተኝቶ ካገኘሁት ደግሞ አፈሩን መልሼ እኔም ከጎኑ ቦታዬን አስቆፍራለሁ፣ እያወቅሁ ደብቄያለሁና። ላንተ ግን ከዚያ ወዲያ ምን ብዬ እንደምጽፍልህ አላውቅም።

ጎጆህ ይሙቅልህ። የሠራኸው በርሜል አያፍስብህ። የምታገባት ልጅ እንደ እኔ የምትሸፍን ሳይሆን እንደ ዲያማንዶ የምትጮህ ትሁንልህ። ልጅ ይስጥህ፣ ዕድሜ ይስጥህ ብዬ ለቅዱስ ሚናስ ለምኛለሁ፤ ከሁሉ በፊት ግን አፍህን ይክፈትልህ።

እናትህ
ስታማታ፣ የቄስ ልጅ፣ የኮስማስ ሚስት